አጋርነት የተባለው ርዳታ ከማክሰኝት ሲታይ

«ርዳታ» የሚለው ቃል ጆሮ ስለ ሰለቸው ይመስላል፥ ባለጠጎቹ መንግሥታትና ድኾቹ አገሮች ስምምነታቸውን ዛሬ «አጋርነት» ብለው ይጠሩታል። ስሙ መልካም ነው። ነገር ግን ስሙን ከመቀበል በፊት ግብሩን መመርመር የተማሪ ተግባር ስለሆነ፥ በዚህ አጭር ሐተታ የማክሰኝትን አካባቢ ይዤ ጥቂት ነቀፌታ አቀርባለሁ። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ገበሬያችን አጋርነትን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በተራ ያርሳሉ፤ ይኸውም መቀናጆ የሚባለው ነው። አንደኛው ባሰኘው ቀን በሬውን ፈትቶ ቢወስድ የእርሱም የባልንጀራውም ማሳ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ አንዱ በሌላው ላይ አይኰራም። የመንግሥታቱ አጋርነት በዚህ ሚዛን ቢመዘን ምን ያህል ይደርሳል?

በጎውን አስቀድሜ ልናገር። በ1953 በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚሆን ሕዝብ ፈጀ። በ1954 የኢትዮጵያ መንግሥት፥ አሜሪካ፥ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ተባብረው በጎንደር ከተማ የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ከፈቱ። የጤና መኰንኑ፥ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው አብረው ሠልጥነው አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር። የውጭ አገር መምህራን ቢሄዱም የሠለጠነው ሰው ቀረ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሥሩ ከዚያ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚነቅፍ ሰው ቢኖር እኔ አይደለሁም።

አሁን ወደ ማክሰኝት እንምጣ። የጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስ ከ50 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ውኃውም ወደ ጣና ይወርዳል። (በፎገራ በኩል ከሚገባው ትልቁ ጉማራ ጋር መደባለቅ አይገባም።) ከ2010 ገደማ ጀምሮ የክልሉ የግብርና ምርምር ተቋም፥ ኢካርዳ የተባለው የደረቅ አገሮች የግብርና ምርምር ማዕከልና የቪየና የግብርና ዩኒቨርሲቲ፥ በኦስትሪያ መንግሥት ገንዘብ የአፈር መሸርሸርን በዚያ አጥንተዋል። አባ ካሎየና አያየ ከሚባሉት ሁለት ትንንሽ ተፋሰሶች በአንደኛው የድንጋይ እርከንና ክትር ሠርተው ሌላውን እንዳለ ተዉት፤ ከሁለቱም የሚወጣውን ጎርፍና ደለል ለኩ። ለሳይንስ ይህ እጅግ ያማረ አሠራር ነው። ከዚያ የወጡትንና እኔ ያነበብኳቸውን ጽሑፎች ግን ሁሉንም ያገኘሁት በእንግሊዝኛ ነው። አፈሩ የገበሬው፥ ንባቡ የሌላ!

ከቋንቋው ይልቅ የሚከብደው የሒሳቡ ነገር ነው። ድንጋዩን የሚለቅመው፥ የሚሸከመውና የሚደረድረው ማን ነው? በክልላችን በየዓመቱ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ በሚደረገው የተፋሰስ ዘመቻ ገበሬው ያለ ክፍያ ቀናት ይሠራል። ባለጠጎቹ አገሮች የሰጡትን ገንዘብ ፓሪስ በሚገኘው በኦኢሲዲ መዝገብ በየዓመቱ ያስቈጥራሉ፤ የገበሬው የጉልበት ቀን የሚገባበት ዓምድ ግን በዚያ መዝገብ የለም። በዚያችው በፓሪስ በ2005 «ተቀባዩ አገር የልማቱ መሪ ይሁን» ተብሎ መፈረሙን ልብ ይሏል።

አንዳንዱ፥ «አፈሩ ከዳነለት ገበሬው ምን ይጐድልበታል?» ይለኝ ይሆናል። ሁለት ጥማድ መሬት ላለው ሰው እርከኑ የሚይዘው ቦታ ቀላል አይደለም፤ በድንጋዩ መካከል አይጥ ይራባል። ጥቅሙ ከብዙ ክረምት በኋላ ሲመጣ ጉዳቱ የሚቈጠረው ዘንድሮ ነው። ፕሮጀክቱ የሚቈየው ግን ጥቂት ዓመት ብቻ ነው።

በሬውን ፈትቶ መውሰድን በሚመለከት ምሳሌው ሩቅ አይደለም። አሜሪካ በፖይንት ፎር ስምምነት ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው በ1951 ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ርዳታዋን አገደች፥ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ላይም ዩኤስኤይድ ተዘጋ። ውሳኔው የዋሽንግተን ብቻ ነበረ፤ ጦሙን ያደረውም ማሳ የአንደኛው ወገን ብቻ ነበረ። እርግጥ ነው፥ ሁሉም የሚሄድ ወድዶ አይሄድም፤ ኢካርዳ ራሱ ዋና ጽሕፈት ቤቱን ከሐለብ ያስለቀቀው በ2012 በሶርያ ጦርነት ምክንያት ነው። ይህ ግን ተቀባዩ የበለጠ እንዲጠነቀቅ ያደርገዋል እንጂ ነገሩን አያቀልለውም።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ውሉ ይለወጥ የሚል ነው። የገበሬው የሥራ ቀን በውሉ ውስጥ እንደ ዩሮው ተቈጥሮ ይግባ። የተገኘው ውጤት ወደ ውጭ መጽሔት ከመላኩ በፊት በቀበሌው ስብሰባ በአማርኛ ይነበብ፤ ገበሬውም ይከራከርበት። መለኪያው ተነቅሎ እንግዶቹ ከሄዱም በኋላ፥ ክረምቱ ያፈረሰውን ክትር የሚጠግንና ከበስተጀርባው የተከማቸውን ደለል የሚጠርግ ማን እንደሆነ፥ ለስንት ዓመትም በማን ወጪ እንደሆነ ከፊርማው በላይ ይጻፍ።