ስለ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት የሚጻፈው የመልእክተኞች ጽሑፍ

የወንጌል መልእክተኞች በባዕድ አገር ስለሚያስተምሯቸው መስማት የተሳናቸው ሕፃናት የሚጽፉት ጽሑፍ አንድ የታወቀ አካሄድ አለው። ሕፃኑ በመጀመሪያ በጨለማ ተቀምጦ ይታያል፤ ቋንቋ የለውም፤ የራሱን ስም እንኳ አያውቅም ይባላል። ከዚያም መምህሩ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ ሕፃኑም አንደበት ያገኛል። በመጨረሻው ገጽ ንጹሕ ልብስ ለብሶ በጣቶቹ ሲጸልይ ይታያል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ልብን ያራራል፤ ለትምህርት ቤቱም ገንዘብ ያስገኛል፤ የሚነገርለትም በጎ ሥራ እውነት ነው። ጕድለቱ ሳይጻፍ በቀረው ነገር ላይ ነው።

ጸሐፊዎቹ ሁሉ አርአያ የሚያደርጉት ወንጌላዊው ማርቆስ በ7ኛው ምዕራፍ የጻፈውን ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ «ኤፍታሕ» የሚለውን ቃል ይዘው ከቃሉ በፊት ያለውን ያልፉታል። ጌታችን አስቀድሞ ሰውየውን ከሕዝቡ ጫጫታ አወጣው፤ ጆሮውንና ምላሱን በእጁ ነካ፤ ዐይኑንም ወደ ላይ አነሣ። ይህ ሁሉ ለማይሰማ ሰው በዐይን የሚታይ ንግግር ነው። ሉቃስም ስለ ዘካርያስ ሲጽፍ ዘመዶቹ በምልክት እንደ ጠየቁት ይተርካል፤ አባት የልጁን ስም «ዮሐንስ» ብሎ ያጸናው በአፉ ሳይሆን በእጁ ነው።

ይህ ስም በምዕራብ ጎንደር ቆላ ለሚኖር ሰው እንግዳ አይደለም፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም በመተማ ዮሐንስ ከተማ ይጠራልና። መልእክተኞችም ይህን ቆላ ያወቁት ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ከስዊስ አገር ከክሪሾና የተላኩት ሰዎች፥ ከእስክንድርያ እስከ ኢትዮጵያ ሊዘረጉት ባሰቡት «የሐዋርያት መንገድ» ላይ መተማን አንድ ማረፊያ አድርገዋት ነበር። በዚያ ድንበር፥ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፥ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ የሰሊጥ ሻጭና ዐረብኛ ብቻ የሚያውቅ ገዢ ሲገናኙ ዋጋው በጣት ይቈጠራል፤ ቅሬታውም በፊት ይገለጻል። ዲዳ የሚላቸው የለም። በገበያው ዳር የተቀመጠ የማይሰማ ልጅ ግን ይህንኑ ቀኑን ሙሉ ቢያደርግ ቋንቋ የሌለው ይባላል። ግዕዝ ጽሙም ያለውን ሰው አማርኛ ደንቆሮ ብሎ ከማያስተውለው ጋር በአንድ ስም መጥራቱም ለዚህ ስሕተት ረድቷል።

ይህ ቆላ ደግሞ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፥ ማጅራት ገትር በበጋ ወራት ከሚጸናበት ምድር አንዱ ክፍል ነው። ከዚህ በሽታ ነፍሳቸው ከተረፈች ሕፃናት መካከል መስማት የሚያጡ አሉ። በሰባት ወይም በስምንት ዓመቱ እንዲህ የሆነ ልጅ ቋንቋ የለውም ማለት ሐሰት ነው፤ የእናቱን ድምፅ ያስታውሳልና። አሜሪካዊው አንድሪው ፎስተር በ11 ዓመቱ የደነቈረው በዚሁ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ከጋሎዴት ኮሌጅ ለመመረቅ ከጥቁሮች የመጀመሪያው ሆነ፤ በ1957 በጋና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1987 በሩዋንዳ በአውሮፕላን አደጋ እስኪሞት ድረስ በ13 የአፍሪቃ አገሮች ከ30 በላይ ትምህርት ቤቶችን አቋቁሟል። በእርሱ ታሪክ የተለመደው አካሄድ ይፈርሳል፤ መምህሩም ተማሪውም የማይሰሙ ናቸውና ማን ለማን አንደበት ሰጠ ሊባል ነው?

ወደ አገራችንም የአሜሪካን የምልክት ቋንቋ ያመጡት መልእክተኞች ናቸው፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የመካኒሳ ትምህርት ቤት የእነርሱ ውለታ ነው። ነገር ግን 26 ምልክት ያለው የእጅ ፊደል ለአማርኛ አይበቃም። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1970 ከተቋቋመ በኋላ የግዕዝ ፊደል በእጅ ተሠራ። አሠራሩ ሊደነቅ የሚገባው ነው። የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ያስታውቃል፤ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ይለያል፤ «በ»ን የያዘ እጅ ቅርጹን ሳይለቅ «ቡ» «ቢ» «ባ» ይላል። የቄስ ተማሪ በዜማ የሚቈጥረው ገበታ እንዳለ በአንድ እጅ ውስጥ ገባ። ይህ ቋንቋ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የሚጠና ሆኗል። በመልእክተኞች ጽሑፍ ግን ሁሉም በስጦታ እንደ መጣ ተደርጎ ስለሚነገር፥ ይህ የአገር ሰው ጥበብ እምብዛም አይገኝም።

ከሁሉ የሚከፋው ጽሑፉ የሚያልቅበት ስፍራ ነው። ከመተማ እስከ አዲስ አበባ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። ከቆላው ወጥቶ በዚያ የተማረ ልጅ ለክረምት ዕረፍት ሲመለስ ቤተሰቡን በሰሊጥ አረም ላይ ያገኛል። ያየውን ሁሉ ሊነግራቸው እጁን ያነሣል፤ የሚያነብለት ግን የለም። የትምህርት ቤቱን አዳራሽ አሳምሮ የሚገልጽ ጸሐፊ እስከዚህ ደጃፍ ተከትሎት አይሄድም። የተማሪዎቹን ቍጥር በጥንቃቄ ይመዘግባል፤ «በ»ን ከ«ቡ» በእጇ መለየት የተማረች እናት ግን በእነዚህ ገጾች እምብዛም አትታይም።