ቁንጅና የሥራ መደብ ነው እንዴ?

ወሎ ሲባል ቀድሞ ወደ አፍ የሚመጣው ምንድን ነው? «ቆንጆ» ነው። ከዚያ ቡና፣ ከዚያ እስክስታ። እስቲ ክሊፑን፣ የበዓል ዋዜማውን የቴሌቪዥን ዝግጅት አስታውሱ። ወሎዬዋ ሹሩባ ተሠርታ፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ ወይ እንስራ አዝላ ከምንጭ ትመለሳለች፣ ወይ ረከቦት ፊት ተቀምጣ ፈገግ ትላለች። ወንዱ ደግሞ ያያል። የእሱ ሥራ ማየት፣ የእሷ ሥራ መታየት!

ምስጋና እኮ ነው፣ ምን ያስከፋል? የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ማንም ቆንጆ በመባሉ ተጎድቶ ሐኪም ቤት አልገባም። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ለሙዚቃ ቅኝት ያዋሱ የወሎ ቦታዎች ናቸው፤ እነ ማሪቱ ለገሰም የወሎን ዜማ በድምፃቸው ያስከበሩ ሴቶች ናቸው። ችግሩ ምስጋናው ላይ አይደለም። አንድ ዓይነት ብቻ መሆኑ ላይ ነው። መልክ ሃያ ጊዜ እየተነሣ ሥራ አንዴም ካልተነሣ፣ ሰሚው ቀስ በቀስ ሌላ ነገር የለም ብሎ ያምናል። ሰሚዋም ጭምር!

የወሎ ታሪክ ግን እንዲህ አይልም። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ የገቡት በወሎዋ ገዥ በወርቂት አገር ነው። ልጇ በቴዎድሮስ እጅ ነበር። የያዘችውን እንግዳ በልጇ ለመለወጥ ስታስብ፣ ልጇ መገደሉን ሰማች፤ ምኒልክንም ወደ ሸዋ ሸኘቻቸው። የሥልጣን ተፎካካሪዋ መስታወትም ሴት ነበረች። ይህን የመሰለ የእናትና የገዥ ፈተና ይዘን፣ ለካሜራ የተረፈን እንስራ ብቻ ነው?

ደሴ ላይ ደግሞ «ወይዘሮ ስሂን» ያላለ ሰው የለም። «ስሂን ነው የተማርኩት» ይባላል። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት መሆኗን ስንቱ ተማሪ ያውቃል? ስሟ ትምህርት ቤት ሆነ፤ ሰውነቷ ተረሳ።

ማስታወቂያውን እንይ። ዘይት ሲተዋወቅ ወጥ የምትሠራው እሷ ናት። ሳሙና ሲተዋወቅ የምታጥበው እሷ ናት። መኪናና ባንክ ሲመጣ ግን ድምፁ ይወፍራል፣ ሰውየው ከረቫት ያስራል። የአልኮል ማስታወቂያ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እስኪታገድ ድረስም፣ በቢራው ዓለም ወንዱ ጠጪ፣ ሴቷ አጃቢ ነበረች።

የሚገርመው፣ ሕጉ ከማስታወቂያው ቀድሞ ሄዷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርግ ነበር። ባል ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራም በአንቀጽ ያስገድዳት ነበር! የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ፣ በአማራ ክልልም የ1995ቱ፣ ባልና ሚስትን እኩል አደረጉ። እነሆ፣ ሕጉ የሰረዘውን አንቀጽ የዘይቱ ማስታወቂያ በየማታው ያጸድቀዋል።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ሃረጎን ይውረድና ኮምቦልቻ ይግባ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በደርግ ዘመን የተቋቋመ ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በአገራችን ፓርኮች በስፌት መስመሩ ላይ የሚበዙት ወጣት ሴቶች ናቸው። ለምን እነሱ? ቀጣሪው «እጃቸው ቀልጣፋ ነው፣ ታዛዥ ናቸው» ይላል። ይህን ከየት አመጣው? ከዘፈኑ፣ ከተረቱ፣ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ከሚለው ነዋ! ታዛዥ የተባለ ሰው ደመወዝ አይከራከርም ተብሎ ይታሰባል። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሃዋሳ ፓርክ ላይ ያገኙት መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። «የልጅቷ ገንዘብ ለቅባት ነው፣ ቤት የሚያስተዳድረው ወንድ ነው» የሚለው እምነት ለዚህ ብር ሽፋን ይሆናል። ቤት ኪራይ ግን ቆንጆ ነሽ ብሎ አይቀንስም።

ከደቡብ ወሎ ወደ ዓረብ አገር የሄዱትስ? በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ፣ ከተመላሾቹ መካከል የዚህ አካባቢ ልጆች ነበሩ። ለቤተሰብ ቆርቆሮ የገዛች፣ ወንድሟን ያስተማረች ልጅ በዜና ላይ «ተጎጂ»፣ በዘፈን ላይ «ቆንጆ» ናት። «የቤቱ ምሰሶ» የሚላት ግን የለም። ወንድሙም ቢሆን አልተረፈም፤ እህቱ እየላከችለት «ወንድ ልጅ ነው የሚያበላው» የሚለውን እየሰማ ያፍራል፣ ማፈሩን ግን መናገር አይችልም።

መገናኛ ብዙኃን ሌላ ነገር መሥራት አይችሉም እንዳይባል፣ ሠርተው አሳይተውናል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍል የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማ፣ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ለመናገር ሴት ባለታሪክ ፊት አቆመ። አገር ሁሉ ፍቅርተ ምን ሆነች እያለ ሬዲዮ ከበበ። መልኳን እኮ ያየ አልነበረም! ሰው የተከተለው ውሳኔዋን ነው።

እናም የክሊፕ ሠሪና የማስታወቂያ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ቡናውን አፍሉት፣ አምባሰሉንም ዝፈኑት። ለአንዱ በዓል ብቻ ካሜራውን ከረከቦቱ አንሡና ኮምቦልቻ ፈረቃ መውጫ በር ላይ አቁሙት። ቆንጆዎቹ እዚያም አሉ። ደክሟቸዋል እንጂ።