የማደንዘዣው መጠንና የተወጋው ሥፍራ

ነርቭን ለማደንዘዝ በሚሰጡ መድኃኒቶች ላይ የሚወጣው የመጠን ሠንጠረዥ ብዙውን ጊዜ የሚመለከተው የበሽተኛውን ክብደት ነው። ሊዶካይን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ4.5 ሚሊግራም፥ አድሬናሊን ሲጨመርበት ከ7 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ያዝዛል። ይህ አኃዝ የቸኮለን እጅ ስለሚገታ ጥቅሙን አንክድም፤ ነገር ግን ብቸኛ ዳኛ አድርገን ልንቀበለው አይገባም።

በሽተኛውን የሚጎዳው በመርፌው ውስጥ ያለው ሳይሆን ወደ ደም የገባው መድኃኒት ነውና። የመማሪያ መጻሕፍት እንደሚገልጡት፥ አድሬናሊን የሌለው 400 ሚሊግራም ሊዶካይን በጎድን አጥንቶች መካከል ሲወጋ በደም ውስጥ በአማካይ ወደ 7 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ይደርሳል፤ የክንድን ነርቮች ለማደንዘዝ ሲወጋ ግን ወደ 3 ገደማ ነው። የፊተኛው አንጎልን ሊያውክ ይበቃል፤ የኋለኛው እምብዛም አይጎዳም። መጠኑ አንድ ነው፤ የተለወጠው ሥፍራው ነው።

ደግሞም መርፌው በስሕተት ወደ አንጎል በሚወስድ የደም ሥር ውስጥ ቢገባ ጥቂት ሚሊግራም እንኳ በሽተኛውን ያንዘፈዝፋል። ጆርጅ አልብራይት የተባሉት ሐኪም በ1979 እ.ኤ.አ. ቡፒቫካይንና ኤቲዶካይን ከተሰጡ በኋላ ልባቸው በድንገት ስለ ቆመ በሽተኞች ጽፈው አስጠንቅቀዋል።

ስለዚህ ሠንጠረዡ «ስንት ኪሎ?» ካለ በኋላ «የት ይወጋል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ሐኪሙም መርፌውን ስቦ ደም አለመምጣቱን ይመልከት፤ መድኃኒቱን ጥቂት በጥቂት ይስጥ፤ መርዝነቱን ለማብረድ በደም ሥር የሚሰጠውን የስብ ፈሳሽ በአጠገቡ ያኑር። አኃዙን የጠበቀ ሁሉ በሽተኛውን ጠበቀ ማለት አይደለም።