ተጠባቂው ንጉሥና የመንዝ ተከታታይ ትረካ

የቴሌቪዥን ድራማው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 በስምንት ምዕራፍና በ73 ክፍል ታይቶ ሲያበቃ፣ «የመጨረሻው ምዕራፍ እንደገና ይሠራልን» የሚል አቤቱታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባሰበ። ለብዙዎች ይህ ቅብጠት ነበር። ለሐያሲ ግን ቁም ነገር አለው። ተመልካቹ በምዕራፍና በምዕራፍ መካከል ባሉት ረጅም ወራት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ትንቢቱን ሲፈታ፣ የዘር ሐረግ ሲቆጥር፣ ዙፋኑ ለማን እንደሚሆን ሲወራረድ ከርሟል። አዲሱ ምዕራፍ የሚመጣው እንግዲህ እያንዳንዱ ተመልካች በልቡ ከሠራው ሌላ ምዕራፍ ጋር ሊፎካከር ነው።

ይህ ጥበቃ ለእኛ አዲስ አይደለም። የግእዙ የትንቢት መጽሐፍ «ፍካሬ ኢየሱስ» ራሱ የተሠራው ለጠባቂ ነው። መጀመሪያ ክፉውን ዘመን ይዘረዝራል፤ ፍርድ ይጓደላል፣ ድኻ ይበደላል፣ ረኃብና ጦርነት ይበዛል። ከዚያ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ከምሥራቅ ይነሣል፣ 40 ዓመት በሰላም ይገዛል። ጠባቂው የሚይዘው ስም፣ አቅጣጫና የዘመን ልክ ነው፤ የቀረውን ራሱ ይሞላል። ክፉ ዘመን ደግሞ በየትውልዱ ስለማይጠፋ ማንም አንባቢ ራሱን ዋዜማው ላይ ያገኘዋል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር የኖረው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ሌላ መልኩን መዝግቧል፦ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ የነገሡት ቀዳማዊ ቴዎድሮስ ተመልሰው ሺህ ዓመት ይገዛሉ ተብሎ ይታመን ነበር። አጭር ዘመን ለጠባቂ ይመቸዋል፤ ንጉሡ ሕዝባቸውን ለማሳዘን እንኳ ጊዜ አላገኙምና።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ካሣ ኃይሉ በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀቡ ይህንኑ ስም መረጡ። ምርጫው የብልህ አንባቢ ምርጫ ነበር፤ ሕዝቡ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ሚና ወሰዱ። ችግሩ ካሣ የተነሡበት ቋራ ምዕራብ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ችግር ሸዋ ነበር። የሸዋው መንዝ የራሱ ተከታታይ ትረካ ነበረው። በትውፊቱ መሠረት በግራኝ ጦርነት ዘመን የዐፄ ልብነ ድንግል ልጅ ያዕቆብ በመንዝ ደጋ ተሸሸገ፤ የሸዋ ነገሥታት አባት የሆነው ነጋሢ ክርስቶስም የእርሱ ዘር ነኝ አለ። የተሰወረ ልዑል፣ የማይደፈር ተራራ፣ ከትውልዶች በኋላ የሚመለስ ዘር። የዛሬ የፋንታሲ ደራሲ ከዚህ የተሻለ መነሻ ምን ይፈልጋል? በመንዝ የማማ፣ የላሎና የጌራ ሰው ከጎንደር በኩል የሚመጣ አዳኝ ንጉሥ እስኪነሣለት የሚጠብቅበት ምክንያት አልነበረውም፤ የእርሱ ልዑል በቤቱ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. መባቻ ሸዋ ሲገቡ ሁለቱ ትረካዎች ተጋጩ። የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ፣ የሸዋ ጦር በረከት ላይ ተሸነፈ፣ የ11 ዓመቱ ልጃቸው ምኒልክ ወደ መቅደላ ተወሰደ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። የኃይለ መለኮት ወንድም ሰይፉ ሣህለ ሥላሴ ሸፈተ፤ ዐፄውም ወደ ሸዋ ዳግም መዝመት ግድ ሆነባቸው። ተጠባቂው ንጉሥ በሌላ ሰው ትረካ ውስጥ ሲገባ ወራሪ ሆኖ ነው የሚታየው። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ይህን የመሳፍንት እልህ ብቻ አድርገው ማለፋቸው ጉዳዩን ያሳንሰዋል።

ሸዋም የራሱን ትንቢት በስም ላይ አሳድሮታል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ምኒልክ የሚለውን ስም ለራሳቸው ሊይዙ አስበው፣ ስሙ ለልጅ ልጃቸው ነው ተብለው እንደተዉት ይተረካል። ይህን ትረካ ጠጋ ብለን ስናየው የተጠናከረው ልጁ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ፣ በ1882 ንጉሠ ነገሥት ከሆነ በኋላ ነው። ፍጻሜው የታወቀ ትንቢት ነው። «ሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን»ም የሚጠበቀው እንዲህ ነው፤ ከ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ቀደም ያለውን ዘመን ስለሚተርክ የተመሠረተበትን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ማን እንደሚሞት ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከታየው የመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ ሁለተኛው ሁለት ዓመት የጠበቀ ተመልካች «ማን ያሸንፍ ይሆን?» ብሎ አልነበረም፤ አወዳደቁን ሊያይ ነው። በሸዋ ዓይነቱ ትንቢት ሰው ይኮራል። በ«ፍካሬ ኢየሱስ» ዓይነቱ ግን ይመረምራል፣ ይጠራጠራል፣ ይከራከራል።

ምርመራው ደግሞ ጨካኝ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሰዉ የነገሡት 13 ዓመት ብቻ ነበር። አቅጣጫው አልገጠመም፣ 40 ዓመቱ አልሞላም፣ ሰላሙም አልመጣም። ስለዚህ ጠባቂው መጽሐፉን አላጠፈም፤ ሰውየውን ከትንቢቱ አወጣቸው። ዛሬም «እውነተኛው ቴዎድሮስ ገና ነው» የሚል አማኝ ጥቂት አይደለም፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ «ይህ አይቆጠርም» ያለው ተመልካችም ያደረገው ይህንኑ ነው።

የሚገርመው፣ ኪነ ጥበባችን ሙጥኝ ያለው በተጣሉት ንጉሥ ላይ ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» ደጋግመው ያስነሡት የቋራውን ካሣ ነው። የትንቢቱን ቴዎድሮስ አይደለም። አልፈርድባቸውም፤ ረኃብ የሌለበት፣ ዳኛው ጉቦ የማይበላበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት የማይጣላበት የ40 ዓመት ዘመነ መንግሥት ሁለተኛ ትዕይንት ላይ ምን ይደረግበታል?