በእንግሊዝኛ ሃይኩ ለሚጀምሩ፤ ስለ ቀለም ቈጠራና ስለ ወቅት

በአገራችን እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ሃይኩ ልጻፍ ሲል አስቀድሞ የሚነገረው ሕግ ሦስት መስመር፣ 5፣ 7፣ 5፣ በጠቅላላው 17 ቀለም የሚለው ነው። ይህ ሕግ ጀማሪውን ከመጥቀሙ ማሳሳቱ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ነገሩን ከስሙ እንጀምር። «ሃይኩ» በፊደላችን ሦስት ነው፤ ጃፓኖችም ሦስት ብለው ይቈጥሩታል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁለት ቀለም ነው። «ስፕሪንግ» በአማርኛ ሲጻፍ አምስት ፊደል ይወጣዋል፤ በጃፓንኛም አጻጻፍ እንዲሁ አምስት ይቈጠራል፤ በእንግሊዝኛ አንድ ቀለም ብቻ ነው። እንግዲህ የእንግሊዝኛ 17 ከጃፓን 17 ይልቅ ብዙ ነገር ይሸከማል። ጀማሪው ቍጥሩን ለመሙላት ሲል ትርፍ ቅጽል ይከምራል፤ ግጥሙም ይወፍራል። ዛሬ በእንግሊዝኛ ከሚጽፉት ብዙዎቹ ከ17 በታች የሚወስኑት ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ወቅት ነው። ከባሾ (በአውሮፓ አቈጣጠር 1644–1694) አንሥቶ «ሃይኩ» የሚለውን ስም እስካጸናው እስከ ማሳኦካ ሺኪ (1867–1902) ድረስ፣ ወቅትን የሚያመለክት ቃል የግጥሙ ምሰሶ ነበር። ድባጤ ተቀምጦ ስለ በረዶ ግግርና ስለ ቼሪ አበባ የሚጽፍ ተማሪ ግን ያላየውን ይመሰክራል። በመተከል ቈላ ክረምቱ በቀርከሃ ቡቃያ፣ በጋው በሣር ቃጠሎ ይታወቃል። «የተቃጠለ ሣር፤ በአመዱ ላይ የመጀመሪያው ጠብታ» የሚለውን አሳብ በእንግሊዝኛ ቢያሰፍር፣ ቍጥሩ ቢጐድል እንኳ ሃይኩ ጀምሯል እንላለን።

መተከል ቀድሞ የጎጃም ክፍል ነበርና ቅኔ ለድባጤ ሩቅ አይደለም። ሆኖም ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰምና ወርቅ አንዱን ትርጕም በሌላው ሥር ይሸሽጋል፤ ሃይኩ ግን ሁለት የሚታዩ ነገሮችን ጎን ለጎን አቁሞ መካከሉን ለአንባቢ ይተዋል። በመጨረሻው መስመር ምክር የሚጨምር ጀማሪ ይህን ክፍተት ይደፍነዋል። ከቅኔ የሚወረሰው ቍጥብነቱ ነው፤ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ብቻ ይፈጸማልና።

ለጉሙዙ ወይም ለሺናሻው ተማሪ እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ቋንቋው ነው። ለእርሱ ዋናው ፈተና ቀለም መቍጠር ሳይሆን፣ በሰው ቋንቋ የራሱን አገር ማየት መቻሉ ነው። መምህራኑም ሲያርሙ ጣታቸውን ከመቍጠራቸው በፊት «ይህን አይተኸዋልን?» ብለው ቢጠይቁት መልካም ነው።