ስለ «ማጫወቻ» እና ስለ «አገልጋይ» የቀረበ አስተያየት

በመረብ የሚተላለፍ ዘፈን በቤት ውስጥ እንዲሰማ ሁለት ሥራ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ዘፈኑን አከማችቶ መላክና የተላከውን ተቀብሎ ማሰማት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ለገበያ የቀረበው «ስኩዊዝቦክስ» ሁለቱን ለይቶ ነበር፤ ዘፈኑ ከኮምፒዩተሩ ይላካል፣ ድምፁ ከመሣሪያው ይወጣል። በእኛ ዘንድ ግን «ማጫወቻ» ሁለቱንም ጠቅልሎ ይጠራል። ካሴቱም ድምፁም ባንድ አካል በነበሩበት በቴፕ ዘመን ይህ አላስቸገረም።

ላኪውን «አገልጋይ» ማለት ተለምዷል፤ እኛ አንደግፈውም። ቃሉ የተረጐመው የእንግሊዝኛውን ስም እንጂ ተግባሩን አይደለም። በቁሐር ሚካኤል «አገልጋዩን ክፈት» ቢባል ሰሚው የሚያስበው ቄሱን ወይም ዲያቆኑን ነው (ለዚያውም ሰው አይከፈትም)። በአንጻሩ «መረብ» የጣናን ዓሣ አጥማጅ ለሚያውቅ ለፎገራ ሰው ባዕድ አይሆንም፤ ክሩና ቋጠሮው ምሳሌውን ይሸከሙታል።

ስለዚህ ለላኪው «አዳይ»፣ ለተቀባዩ «ማሰሚያ» እንዲባል እናሳስባለን። «ከፈለ» «ከፋይ» እንደሚል «አደለ»ም «አዳይ» ይላል፤ አንዱ ላኪ ለየክፍሉ ማሰሚያ ማካፈሉንም ያመለክታል። በቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጠው ሣጥን ሁለቱንም ሥራ ሊይዝ ስለሚችል፣ መመሪያው ስሞቹን ለይቶ ካልጻፈ ድምፅ የጠፋበት ሰው የትኛውን እንደሚመረምር አያውቅም።