ከቡድኑ በር ውጭ ያለ አስተማሪ

አጥቂ የግብ ድርቅ ሲመታው ምን እንደሚመስል እግር ኳስ የምንከታተል ሁሉ እናውቀዋለን። ባለፈው ዓመት በደረቱ እንኳ ያስገባት የነበረችው ኳስ ዘንድሮ አግዳሚውን እየመታች ትመለስበታለች፤ ደጋፊው ያጉረመርማል፣ አሰልጣኙ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፣ እሱ ራሱም እግሩን መጠራጠር ይጀምራል። በአሜሪካ ቤዝቦል ይህን ድርቅ የሚፈራው ዱላ የያዘው መቺ ነው። የዎል ስትሪት ጆርናል የቤዝቦል ጸሐፊ ጄሬድ ዳይመንድ በ2020 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው “ስዊንግ ኪንግስ”፣ በግርድፉ “የምት ነገሥታት”፣ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ይተርካል። ምታቸው የጠፋባቸው፣ ከቡድናቸው አሰልጣኞች መፍትሔ ያላገኙ፣ በመጨረሻም ማንም ወዳልሾመው የግል አስተማሪ የሄዱ ሰዎች ናቸው።

የቤዝቦል መጽሐፍ በዚህ መጽሔት ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። ስለ ደቀ መዝሙርነት ብዙ እናወራለን፤ ሥራውን አውቃለሁ የሚል ሰው እንደገና ከሀ ሲጀምር ምን እንደሚመስል በቅርብ የሚያሳየን ጽሑፍ ግን ብዙ አይደለም። ይህ መጽሐፍ ሳያስበው ያንን ያሳያል።

ጨዋታውን ለማታውቁ ጥቂት ልበል። ወርዋሪው በትንሽ ጉብታ ላይ ቆሞ፣ ከ18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት፣ ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ145 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ኳሷን ይለቃታል። መቺው አይቶ፣ ወስኖ፣ ዱላውን ለማወዛወዝ ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። ስለዚህ ከ10 ሙከራ በ3ቱ የተሳካለት ሰው እንደ ታላቅ ይቆጠራል። ድርቁን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ምርጡ ሰው እንኳ ከ10 ጊዜ 7ቱን የሚሳሳት ከሆነ፣ ዛሬ የሳተው ዕድል ስላጣ ነው ወይስ አመታቱ ራሱ ስለ ተበላሸ? “ታገሥ፣ ይመለሳል” የሚለው ምክር አንዳንዴ እውነት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሰውን ቀስ አድርጎ ይገድላል።

የመጽሐፉ ልብ የጄ. ዲ. ማርቲኔዝ ታሪክ ነው። በ2013 ለሂዩስተን አስትሮስ ሲጫወት ቡድኑ በአንድ ወቅት 111 ጨዋታ ተሸንፏል። እንዲያ ባለ ቡድን ውስጥ እንኳ ማርቲኔዝ ቦታው የሚያስተማምን አልነበረም፤ በ86 ጨዋታ ኳሷን ከአጥር ውጭ ያወጣት፣ ሆም ረን የሚሉትን የመታ፣ 7 ጊዜ ብቻ ነው። የቡድን ጓደኛው የጄሰን ካስትሮ ምት መለወጡን አየ። የታላላቅ መቺዎችን ቪዲዮ ከራሱ ጋር ሲያስተያይ የእነርሱ አመታትና የእርሱ ጨርሶ እንደማይገናኙ ገባው። ከዚያም ወደ ካሊፎርኒያ፣ ወደ ክሬግ ዎለንብሮክና ወደ ሮበርት ቫን ስኮዮክ ሄደ። ሁለቱም በከፍተኛው ሊግ አንድ ቀን እንኳ ተጫውተው አያውቁም።

የተማረው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ለብዙ ዘመን ልጆች “ዱላህን ከላይ ወደ ታች አውርደው” እየተባሉ ነው ያደጉት። ኳሷ ግን ከጉብታው ላይ ስለምትወረወር ቁልቁል ትመጣለች። ወደ ታች የሚወርድ ዱላ መንገዷን በአንዲት ነጥብ አቋርጦ ያልፋል፤ ጥቂት ሽቅብ የሚሄድ ዱላ ግን መንገዷ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የሚገርመው ይህ አዲስ ግኝት አለመሆኑ ነው። ከታላላቆቹ መቺዎች አንዱ ቴድ ዊሊያምስ በ1971 በወጣው መጽሐፉ ጽፎት ነበር። ጽሑፉ በመደርደሪያ ላይ እያለ ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈው ልማድ አርባ ዓመት ገዛ። (የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች፣ ይህቺን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቧት።)

ማርቲኔዝ አዲሱን ምት ይዞ ሲመለስ አስትሮስ በ2014 የዝግጅት ጨዋታዎች 18 ሙከራ ብቻ ሰጠውና በመጋቢት አሰናበተው። ዕድሜው 26 ነበር። ዲትሮይት ታይገርስ ወሰደው፤ በዚያው ዓመት 23 ሆም ረን መታ። በ2017 ቁጥሩ 45 ደረሰ፤ በ2018 ደግሞ ከቦስተን ሬድ ሶክስ ጋር ዋንጫ አነሣ። ዳይመንድ ይህን ሲተርክ ብዕሩ ይፈጥናል፤ እኔ ግን ከድሉ ይልቅ በዚያ ክረምት ላይ እንድንቆይ እወዳለሁ። ገና ያልተባረረ ሰው ያደገበትን አመታት አፍርሶ፣ ይሠራ እንደሆነ ሳያውቅ፣ ኳስ ሲመታ የከረመበት ክረምት ነው። ቡድኑ ደመወዝ የሚከፍላቸው አሰልጣኞች እያሉ ወደ ውጭ ሰው መሄድ በዚያ ዓለም እንደ ንቀት ይታይ ነበር።

ይህን ሳነብ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ያለው አጵሎስ መጣብኝ። አንደበተ ርቱዕ፣ መጻሕፍትን የሚያውቅ፣ በምኵራብ በድፍረት የሚናገር ሰው ነበር። ድንኳን ሰፊዎቹ ጵርስቅላና አቂላ ለብቻው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ከፊት ይልቅ አጥርተው ገለጡለት። የእነርሱም ወንበር ከማንም የተሰጠ አልነበረም። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ አጵሎስ ድርቅ አልመታውም ነበር። አገልግሎቱ እየሠራ፣ ሰው እየሰማው ሳለ ነው የተማረው። የዳይመንድ ሰዎች በራቸውን የከፈቱት ውሃው አፍንጫቸው ሲደርስ ነው፤ እየተሳካለት ሳለ ለመታረም የሚሄድ ሰው ለመጽሐፉ ታሪክ አይመቸውም።

ከዚህ የሚከፋ ጉድለትም አለበት። በሰፊው የሚተረኩልን የተሳካላቸው ናቸው። ጀስቲን ተርነር አለ፤ በ2013 መጨረሻ ሜትስ የተወው፣ ከግል አስተማሪው ከደግ ላታ ተምሮ በዶጀርስ የተነሣው። አሮን ጀጅ አለ፤ በ2016 ከ84 ሙከራ 15 ጊዜ ብቻ ተሳክቶለት በክረምቱ ከሪቻርድ ሼንክ ተምሮ በ2017 52 ሆም ረን የመታው። ምታቸውን አፍርሰው ሠርተው፣ የነበራቸውንም አጥተው ወደ ቤታቸው የገቡት የት አሉ? በምስክርነት ፕሮግራም የተፈወሰው ብቻ ማይክ ሲያገኝ የምናየው ችግር እዚህም አለ። ድሉንም ለአስተማሪዎቹ ብቻ መስጠት ያስቸግራል። በ2019 በሊጉ 6,776 ሆም ረን ሲመታ፣ ኳሷ ራሷ በአየር ላይ የሚገጥማት መጎተት መቀነሱን የሊጉ አጥኚዎች አረጋግጠዋል። ሽቅብ መምታቱ ዋጋም አስከፍሏል፤ በ2018 ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስት ስሕተት የተሰናበቱት መቺዎች ቁጥር ከተሳኩት ምቶች በለጠ።

ተርነርን ወደ ላታ የመራው ማርሎን በርድ ነው። በርድ በ2012ም በ2016ም በተከለከለ መድኃኒት ታግዷል። በእጁ ላይ እድፍ ያለበት ሰው ለጓደኛው እውነተኛ መንገድ ማሳየቱ የማይመች ነገር ነው፤ ቢሆንም ሆኗል። እንዲህ ያለውን ታሪክ አጽድተን ስንተርክ ውሸታሞች እንሆናለን።

የእናንተን ጉዳይ የሚነካው ደግሞ ይህ ነው። ጸሎቱ የደረቀበት፣ መዝሙሩ ባዶ የሆነበት ወጣት በየከተማችን “የግል አስተማሪ” አላጣም። ስልክ ቁጥር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ አንድ ቃል ያወጣልህና በአንድ ሌሊት ትነሣለህ ይባላል። በዚህ መጽሐፍ ያሉት ጥሩ አስተማሪዎች ከዚህ ዓይነቱ በምን ይለያሉ? መቺውን የራሱን ቪዲዮ አስቀምጠው ያሳዩታል። የሚሠራውን በዓይኑ ያያል፣ ለምን እንደሆነ ይነገረዋል፣ ካልገባው ይጠይቃል፣ ከዚያ ወራት ይፈጃል። የተባለው እውነት መሆኑም በሰው ሁሉ ፊት ሜዳ ላይ ይፈተናል። በጨለማ ክፍል የሚሰጥና ሊመረመር የማይችል ምክር አይሰጡም። ዳይመንድ ራሱ ዱላ ይዞ ከእነዚህ ሰዎች ሊማር መሄዱን የሚተርክባቸው ክፍሎች ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው፤ ጋዜጠኛው እንደ ማንኛውም ጀማሪ ሲቸገር እናየዋለን። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥ የወደድኩትም እርሱን ነው።

ከ2019 ወቅት ጀምሮ ቫን ስኮዮክ የዶጀርስ የመቺዎች አሰልጣኝ ሆኗል፤ ትናንት በድብቅ የሚሄዱበት ሰው ዛሬ መለያ ለብሶ ከቡድኑ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እንግሊዝኛ የምታነቡ መጽሐፉን ፈልጉት። የቤዝቦል ቴክኒክ የበዛባቸው ገጾች ካታከቷችሁ ዝለሏቸውና ከማርቲኔዝ ጀምሩ።